ከሰሉን አውጡና ተኙ!

ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ይህቺን የምጽፍላችሁ ጋቢ ደርቤ፣ እግሬን በሁለት ካልሲ ጠቅልዬ ነው። እንዲያም ሆኖ ጣቶቼ እስክሪብቶ አንጨብጥም ብለው አምፀዋል።

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዷን ሳነብ ግን ብርዱን ረሳሁት። ደነገጥኩ ብል ይሻላል። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት ናት። እንዲህ ትላለች፦ «ሌሊት ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ያድራል። ሂተር ልግዛ ብል ከደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ የታክሲ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ማታ ማታ ከሰል ደጅ አያይዤ፣ ጭሱ ሲያልቅ ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ በሬን ጥርቅም አድርጌ እንድተኛ መከረችኝ። እሷ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታድረው። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ አጭሩ መልስ «አታድርጊው!» ነው። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን አንድ ያደርኩበትን ሌሊት መተረክ ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ለዛሬ ከአዲስ አበባ ላውጣችሁና ጎጃም፣ አምበር ልውሰዳችሁ።

አምበርን ለማታውቁ፦ አባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ ሹራባችሁን ያስወልቃችኋል። ሽቅብ ወጥታችሁ ደጀን ስትደርሱ ያንኑ ሹራብ መልሳችሁ ትፈልጉታላችሁ። ከዚያ የትኖራን፣ ሉማሜን ታልፉና ደብረ ማርቆስ ከመድረሳችሁ በፊት መንገዱ ዳር የምታገኟት ከተማ አምበር ናት፤ የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ። አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ሳታዩዋት ታልፏታላችሁ። ጎረቤቷ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠችው። በስተሰሜን ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጮቄ ቆሟል። እንግዲህ ማታ ማታ ከየት በኩል እንደሚነፍስባችሁ ገምቱ።

ብርድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። የሌሊቱ ቁር የሚብሰው ግን ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ደመና ለመሬት ጋቢዋ ነው። ደመናው ሲገፈፍ ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች፤ ጧት ስትነሱ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገበሬው ውርጭን የሚፈራው፣ የከተማ ሰውም «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ የሚያዜመው ያለ ነገር አይደለም። (አጥንቱን ለመግዛት ችስታ ላልሆነ ማለቴ ነው።)

በ2009 ዓ.ም. እኔና አንድ የሥራ ጓደኛዬ ለአንድ ዓመት ሥራ አምበር ተመደብን። ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በሙቀቱ ወራት አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ከሚተኙ ሰዎች መሃል ያደገ ልጅ የአምበርን ህዳር ምን ያህል እንደሚችለው እናንተው ፍረዱ። በመጀመሪያው ቀን ክፍላችንን ያየና አከራያችንን፣ የስድሳ ዓመት ሴትዮ፣ «አንቺ፣ ይሄ በር ነው ወይስ ወንፊት?» አይላቸውም መሰላችሁ! እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። «ኧረ በስመ አብ! እኔን ነው አንቺ እሚለኝ?» ድሬ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» ነው ብዬ ባስረዳቸውም ለሳምንት አኮረፉት። በኋላ ግን ከእኔ አስበልጠው ወደዱት። ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «የቆላው ልጅ» ነበር የሚሉት።

ስለ በሩ ግን እውነቱን ነበር። ቤቱ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌለው ነው። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። የግድግዳው ጭቃ ክረምቱን ጠጥቶ በጋ ሲመጣ ተሰነጣጥቋል። በበሩ ሥር ድመት ትገባለች፤ ገብታም ከእኛ ጋር ታድር ነበር። ምስኪን፣ እሷም በርዷት ነው።

ህዳር አጋማሽ ላይ ጓደኛዬ «በቃ፣ ወይ ይሞቀኛል ወይ ድሬ እገባለሁ» አለ። ከሰል ገዛን። በዚያ መንገድ የከሰል መኪና አይጠፋም። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክልና ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገው ነበር፤ ብዙው ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር። ማንደጃ ተበደርን። እኛ ፋራ አይደለንማ! ደጅ አቀጣጠልነው፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ቀይ ፍም ሲሆን አስገባነው። ሙቀቱ እንዳይባክን ደግሞ የበሩን ሥር በኬሻ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጋዜጣ ጠቀጠቅነው። ክንድ የሚያስገባውን የላይኛውን ክፍተት ሳይቀር በጆንያ ደፈንነው። ድመቷን ግን ጓደኛዬ «ቦታ ታጣብባለች» ብሎ አስወጣት።

ያን ማታ አምበር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹራቤን አወለቅኩ። ካርታ ተጫወትን፣ ጓደኛዬ ዘፈነ። ሦስት ሰዓት ላይ ራሴን ትንሽ ሲያመኝ «ቀን ፀሐይ መትቶኝ ነው» አልኩ። እሱም «እኔንም» አለኝ። ልብ በሉልኝ፣ ሁለታችንንም እኩል አመመን፤ ያኔ ነበር መጠርጠር። ተኛን።

እኔን ያተረፈኝ ጠላ ነው። ማታ እትዬ ቤት የጠጣሁት ጠላ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት አለኝ። ለመነሳት ብሞክር እግሬ የእኔ አይደለም። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ቤቱ ዞረ። በሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ እየዳህኩ ነው የደረስኩት። መቀርቀሪያውን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም፤ ብቻ ግማሽ አካሌ ደጅ ወደቀ። ውሻው ጮኸ፤ እትዬና ባለቤታቸው ባትሪ ይዘው ወጡ። «ያንተስ ወንድም?» አሉኝ። እኔ መመለስ አልቻልኩም። አባወራው ትንፋሻቸውን ይዘው ገቡና በተኛበት ጋቢ እየጎተቱ አመዳዩ ላይ አወጡት። ጠሩት፣ ወዘወዙት፣ ዝም። ሲተነፍስ ይሰማል፤ ግን አይነቃም።

ወደ ማርቆስ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎን ለጎን ደግፎ ወሰደን። (ወንድሜ፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ቀረሁ፤ ይህን የምታነብ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ።) ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገለት። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገልጦ «አቦ፣ ማን ነው በሩን የከፈተው?» አለ። እስኪ አሁን ይሄ ይባላል? ለብዙ ሳምንታት ግን ልጁ ልክ አልነበረም። ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ይረሳል፤ የጀመረውን ወሬ መሃል ላይ ይጥለዋል። ሐኪሙ ይህም ከዚያው የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነግሮን ነበር፤ ቀስ በቀስ ለቀቀው።

ሐኪሙ ያስረዳንን እኔም ልንገራችሁ። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል፣ አያስል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ሲያገኝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ታክሲ ውስጥ ወንበሩን ሁሉ ይዞ አልወርድም የሚል ተሳፋሪ በሉት፤ ኦክስጅኑ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰውየው ሲተነፍስ ያድራል፤ አንጎሉና ልቡ ግን ይራባሉ። ንጹሕ አየር ላይ ቢወጣ እንኳ በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በኦክስጅን ጭምብል ከሆነ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ሆስፒታል የሚያስኬደው ይህ ነው። እርጉዝ ሴት ከሆነች ደግሞ ከእሷ ይልቅ ፅንሱ ይጎዳል።

ስለዚህ «ጭሱ አልቋል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እንዲያውም ጭሱ እያሳለ እያስለቀሰ ደጅ ያስወጣችሁ ነበር። ያ ደስ የሚል፣ ቀይ፣ ዝምተኛ ፍም ነው አስተኝቶ የሚያስቀር። አንዳንዱ በጎኑ አንድ ጣሳ ውሃ አስቀምጡ ይላል። ጋዙ በውሃ የሚሟሟ ዓይነት አይደለም። ጨው ነስንሱበት የሚልም አለ፤ ጨዋችሁን ለወጥ አስቀምጡት። አመድ ማልበስም መፍትሔ አይደለም፤ ፍሙ ሌሊቱን ሙሉ እያመቀ፣ ጋዙን እያወጣ ያድራል።

ደግሞ ይህ የእኛ የድሆች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ የዘመተባት ደቡብ ኮሪያ ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቧ ቤቱን የሚያሞቀው በከሰል ጡብ ነበር፤ እስከ 1980ዎቹ (በፈረንጅ) ድረስ ብዙ ሰው በዚሁ ጋዝ ተኝቶ ሳይነቃ ቀርቷል።

ታዲያ የአንቺ ባልደረባ እንዴት ሁልጊዜ ከሰል አስገብታ እየተኛች በሰላም ትነሳለች? ይህን ጥያቄ እኔም ለእትዬ አቅርቤላቸው ነበር። «እኔ ተእናቴ ቤት ተእሳት አጠገብ ነው ያደግሁ፤ ማን ሞተ?» ብለው ጀመሩና ራሳቸው መለሱት። የእናታቸው ቤት የሣር ክዳን ነበር። ምድጃው መሃል ቤት፣ ጭሱ በሣሩ መሃል ተንኖ ይወጣል፤ አየሩም በዚያው ይገባል። (ዓይንና ሳምባ አይጎዳም ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ በዚያ ጭስ ያደገ ሕፃን ለሳምባ ምች የተጋለጠ ነው።) የእኛ ቤትም እስከዚያ ሌሊት ድረስ ወንፊት ነበር። ገዳይ ያደረግነው ወንፊቱን የደፈንን ዕለት ነው። ባልደረባሽንም እስከ ዛሬ ያኖራት ሌት ተቀን የምትረግመው ስንጥቅ ነው። አንድ ቀን ደመወዝ ተቀብላ ስንጥቁን ያስደፈነች ዕለት ግን... በእግዚአብሔር ስም ዛሬውኑ ንገሪያት።

ነገሩ እንግዲህ ምርጫ ነው። ወይ እሳት ታስገባላችሁ፣ ያኔ ቤቱ ክፍት መሆን አለበት፤ ክፍት ቤት ደግሞ አይሞቅም። ወይ እሳቱን ደጅ ትተዋላችሁ፣ ያኔ ቤቱን እንደ ልባችሁ መድፈን ትችላላችሁ። እኛ ከሆስፒታል ስንመለስ ሁለተኛውን መረጥን። እትዬ ማንደጃውን ቀምተው ቆለፉበት፤ የከሰል ገንዘባችንንም ወደ ሌላ ነገር አዞሩት።

መጀመሪያ ጣራው። የሰውነታችሁ ሙቀት፣ የመብራቱ፣ የምግቡ፣ ሁሉም ሽቅብ ይወጣል። ላይ ቆርቆሮ ያገኛል። ቆርቆሮ ደግሞ በጠራ ሌሊት ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሻችሁ እዚያ ላይ ውሃ ሆኖ ሌሊት ግንባራችሁ ላይ ጠብ የሚለው ለዚህ ነው። ሣር ክዳን ውስጡ በአየር የተሞላ ስለሆነ ሙቀት አያሳልፍም ነበር። ቆርቆሮን ሣር ማድረግ የሚቻለው በኮርኒስ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያዎች ገዛን፤ እትዬ በወስፌ ሰፍተው አንድ ትልቅ ሸራ አደረጉት፤ አባወራው ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረው በሚስማር መቱት። በጆንያውና በቆርቆሮው መሃል የታፈነው አየር ነው ሥራውን የሚሠራው። ለዚህም ነው ጆንያው ቆርቆሮውን መንካት የሌለበት። በዚያች ሌሊት የጠብታው ነገር አበቃ። አቡጀዲ ቢሆን ያምራል፤ ካርቶንም ይሠራል። ብቻ ሻማና ኩራዝ ከሥሩ አታድርጉ፤ ጆንያ እሳት ይወዳል።

ግድግዳው የባለቤቱ ሥራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የአምበር ሰው ክረምት ሲያልፍ ቤቱን ይመርጋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ይጣበቃል፣ ሲደርቅም አይሰነጠቅም። ጭዱ ጭቃውን ከመያዝ አልፎ ሙቀትም ይይዛል። ከተማ ያላችሁ ጭቃ ባታቦኩ በዱቄት ማጣበቂያ ጋዜጣ በላይ በላይ መለጠፍ አያቅታችሁም። ይህን ጋዜጣ ካነበባችሁት በኋላ ብትለጥፉት ቅር አይለኝም። (አይጥና በረሮ ዱቄቱን ይወዱታል፤ እንግዲህ እሱን ቻሉት።) የበሩን ሥር አሮጌ ጨርቅ በአሸዋ ወይም በገለባ ሞልታችሁ እንደ ቋሊማ ጠቅልላችሁ ድፈኑት። አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ፦ ቤቱን ሁሉ ስትደፍኑ ከላይ፣ ከአልጋችሁ ራቅ ብሎ፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ተዉ። ሰው የሚተነፍስበት ቤት እርጥበት ካልወጣለት ይሻግታል። የታሸገው ቤት ውስጥ ቡና እንኳ በከሰል እንዳይፈላ! ረከቦቱን ደጅ፣ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ ያለዚያ በርና መስኮት ይከፈት።

ወለሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኛ ከታች ላስቲክ፣ በላዩ ኬሻ፣ በላዩ ሰሌን አነጠፍን፤ እትዬ ደግሞ አልጋ ሥር የምንረግጠው አንድ አጎዛ መረቁልን። የከተማ ሊሾ ከአምበር አፈር ይብሳል፤ የሱቅ ካርቶን ለምናችሁ አንጥፉበት።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጣራውንም ግድግዳውንም ተዉትና አልጋውን ያዙ። ቤት ማሞቅ ለሀብታም ነው። ድሃ የሚያሞቀው የተኛባትን ሁለት ሜትር ነው፤ እሷም ትበቃለች። እኔና ጓደኛዬ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበን የሚበርደን ለምን እንደሆነ እትዬ አልጋችንን ገልበው አንድ ጊዜ አይተው አወቁት። «ልጆቼ፣ እናንተ እምትደርቡት ተላይ፣ ብርዱ እሚመጣው ተታች!» ስፖንጅ ፍራሻችን በሳሳ ጣውላ ላይ ነው፤ በጣውላዎቹ መሃል ነፋስ ይገባል። የሰው ክብደት ስፖንጁን ሲጫነው ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ይወጣና ሙቀት መያዙ ይቀራል። ጆንያ በጭድ ሞልተው፣ ሰፍተው ከፍራሹ ሥር ከተቱልን። ጭድ ለማታገኙ ካርቶን፣ በላዩ የተጣጠፈ ጋዜጣ፣ በላዩ ፍራሹ። ከላይ የምትደርቡትን ግማሹን ከታች አንጥፉት፤ ልዩነቱን ዛሬ ማታ ታዩታላችሁ።

ሲደርቡም ብልሃት አለው። ከባድ ሁሉ ሙቅ አይደለም። ጋቢ የሚያሞቀው በአራት ድርብ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው፤ ስለዚህ ለስላሳው ጋቢ ወደ ገላ፣ ብርድ ልብሱ ወደ ላይ ይሁን። ጋቢ ሲያረጅና ሲቆሽሽ ይጠፈጠፍና አየር መያዙ ይቀንሳል፤ ታጥቦ ፀሐይ ሲመታው መልሶ ይነፋል። የጎጃም በጋ ደግሞ ፀሐይ አይነፍግም! እኩለ ቀን ላይ አንሶላ፣ ጋቢ፣ ፍራሹ ጭምር ፀሐይ ላይ፤ መስኮቱ ወለል። አስር ሰዓት ሳይሞላ ግን ሁሉም ይግባ፤ መስኮቱም ይዘጋ። አምሽታችሁ ካስገባችሁት ጤዛውን ነው ይዛችሁ የምትተኙት። የልብስ እጥበቱን ነገር ለንጽህና ብቻ አላነሳሁትም። በብርድ ወራት ልብስ ሳይታጠብ፣ ብርድ ልብስም በጋራ ሲለበስ ቅማል ይራባል፤ ተስቦና ግርሻ በደጋው የሚመጡት በሱ ነው።

ከእራት በኋላ ደጅ ከቀረው ፍም ላይ ውሃ ይጣዳል። ውሃው ሲሞቅ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይሞላና በካልሲ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይገባል። ሃይላንድ ከሆነ ፈላ ውሃ ስለሚያኮማትረው ትንሽ ይብረድ። ጓደኛዬ ይህቺን ጠርሙስ «ሚስቴ» ይላት ነበር። እሳቱ ደጅ፣ ሙቀቱ አልጋ ውስጥ፤ ማንደጃ ምን ያደርጋል?

አረቄን በተመለከተ የጎጃም ወዳጆቼ እንዳይቀየሙኝ። አንድ መለኪያ ስትጠጡ የሚሰማችሁ ሙቀት የውስጥ ሙቀታችሁ ወደ ቆዳ ሲወጣ ነው፤ ከቆዳ ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሰውነታችሁ እየቀዘቀዘ ሞቀኝ ትላላችሁ። ከሰልና አረቄ አንድ ቤት ከገቡማ ራስ ምታቱንም ማንቂያውንም ያጠፋዋል። በዚያ ፈንታ ማታ የአጃ ወይም የገብስ ገንፎ ብሉ፤ ሰውነት ራሱ ምድጃ ነው፣ ማገዶ ካገኘ።

የክረምቱ ብርድ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ እርጥበት ነው። ያኔ ጭድ ፍራሽ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል፤ ስለዚህ ከአልጋው ሥር አየር ይግባ። ቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ ውሃው ወደ ግድግዳ አይተኛ። እርጥብ ልብስ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታስጡ፤ ከልብሱ የሚወጣው ውሃ ተመልሶ ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ኤሌክትሪክስ? የምትሉ አትጠፉም። እስኪ እናስላው። 2000 ዋት ሂተር በቀን ለ3 ሰዓት ብታበሩ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በወር 180። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ እየከበደ የሚሄድ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። በብር ስንት ነው እንዳትሉኝ፤ ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ዋጋው ይቀየርብኛል። ያቺ ሽቦዋ ቀይ የምትሆነው ርካሽ ምድጃ አየር ባትመርዝም ቤት ታቃጥላለች፤ የተከራያችሁት ቤት ገመድም አይችላትም። ቡታ ጋዝና ጄኔሬተር ግን አየሩንም ይመርዛሉ፤ ከከሰሉ አይሻሉም።

አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ይህ አደጋ ቢደርስ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ በርና መስኮት መክፈት፤ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ሰውየውን ማውጣት፤ ማንደጃውን ከዚያ በኋላ። በጎኑ አስተኙት፤ ሲያስመልሰው እንዳይታፈን። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ውሃ መድፋት የሚባለውን ተዉት፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ የሚሰጥ ነገር ወደ ሳምባው ነው የሚገባው። ካልተነፈሰ የሚያውቅበት ሰው እስትንፋስ ይስጠው። ከነቃም በኋላ «ደህና ነኝ» ቢላችሁ አትመኑት፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከሰል እንደነበረ ለሐኪሙ ንገሩ። በብርድ ወራት አንድ ቤት ያሉ ሰዎች ሁሉ ጧት እኩል ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

እህቴ፣ ለአንቺ እንግዲህ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጆንያዎቹን ግዢ፤ አከራይሽን «ኮርኒስ ልወጥር፣ የእርስዎ ቤት ነው የሚያምረው» በያቸው። እንቢ ካሉ ካርቶኑን ከፍራሽሽ ሥር ክተቺ፤ ለእሱ ማንንም አታስፈቅጂም። ባልደረባሽንም አንድ ማታ ቤትሽ ጋብዣትና የውሃ ጠርሙስ ይዛ ትደር።

ጓደኛዬ አሁን ድሬዳዋ ነው፤ አግብቶ ወልዷል። በየዓመቱ ህዳር ሲገባ ይደውልልኛል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፦

«አንተ፣ ከሰሉ የት ነው ያለው?»

«ደጅ ነው።»

«ድመቷስ?»

«ውስጥ ናት።»

ከዚያ ነው ስለ ልጆቹ የሚያወራኝ።

ስለ ትኋን የጻፋችሁልኝ ሦስት አንባብያን፣ ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፤ ሳምንት እመለስበታለሁ። ቸር ሰንብቱ።